መረቡን የቆረጡልን ሰዎች

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጣቢያውን አልፌው ሄድኩ። አድራሻው ላይ የቆመው መስኮት የሌለው ግራጫ ቤት ስለነበር የከተማው የውሃ ፓምፕ መሰለኝ። ዞሬ ስመለስ አንድ ረጅም ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። "ሁሉም ሰው ያልፈዋል፤ እንዲታለፍ ነው የተሠራው" አለኝ። የጣቢያው ኃላፊ ዴል ነበር።

ዴል ወደ ውስጥ አላስገባኝም። መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ዳር ወሰደኝ። ሰዎች ውሻቸውን ይዘው የሚመጡበት የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ጥጉ ላይ አሸዋውን በጫማው ገፋ ገፋ ሲያደርግ የብረት ክዳን ብቅ አለ። "በባሕር ሥር ከእስያ የመጣው የኢንተርኔት ኬብል እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከየብሱ ኬብል ጋር ይገናኛል" አለኝ። ከክዳኑ አጠገብ አንድ ቤተሰብ ሳንድዊች ይበላል። ስንት ሰው በዚያች ሰዓት እግራቸው ሥር እያወራ እንደሆነ አንዳቸውም አላወቁም። እኔም ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበርና ዴል የኬብሉን ቁራጭ ሲያስይዘኝ ደነገጥኩ። ጥልቁ ባሕር ውስጥ የሚተኛው ክፍል ከአትክልት ማጠጫ ጎማ አይበልጥም። ወደ ዳር ሲቀርብ ነው ብረት እየለበሰ የሚወፍረው።

አዲስ አበባ ሳለሁ የቴሌኮም ማይክሮዌቭ ቴክኒሻን ነበርኩ። ተራራ ላይ ወጥተን ማማ እንጠግናለን፤ የምንጠብቀውን ነገር ቀና ብለን እናየዋለን። በዲቪ ሲያትል ከመጣሁ በኋላ ኤርፖርት ሻንጣ ስገፋ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ ስማር ቆይቼ ነው ይህን ሥራ ያገኘሁት። ሲያትል ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጥ ሐበሻ ሞልቷል፤ ኬብሉ ራሱ ጋ የሚሠራ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በቅርቡ ሙያውን የጀመራችሁ ልጆች "እንዴት ነበር?" ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው የምጽፈው። ልኩራ እንግዲህ፤ ጡረታ ላይ ካልኮሩ መቼ ይኮራል።

ሲያትል ውስጥ ሌክ ሲቲ ካለው አፓርታማዬ ተነስቼ ወደ ባሕሩ ዳር እነዳለሁ፤ አንድ ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት ቤቴ። ጠዋት ስገባ ከወጪው ሺፍት ጋር ቆመን እንነጋገራለን። ከዚያ ዙር አለ፦ ባትሪዎቹ፣ ማቀዝቀዣው፣ ጄኔሬተሩ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ባሕሩ ኤሌክትሪክ የሚልከው ማሽን። ኬብሉ ውስጥ ያለው ብርሃን ብቻ አይደለም። ብርሃን በረጅም መንገድ ይደክማል፤ ስለዚህ የባሕሩ ወለል ላይ በየመካከሉ የሚያበረቱት መሣሪያዎች አሉ፤ እነሱን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል ከእኛ ይሄዳል። ቮልቱ በሺህ ይቆጠራል። የዚያን ክፍል ቁልፍ ዴል ከአንገቱ አያወልቅም ነበር።

ጁኒየር ሳለሁ ዴል ብርሃኑ የሚያልፍበትን የፋይበር ክር ጫፍ ከማጽዳት በቀር ምንም አላስነካኝም። ጫፉን በማጉያ ማየት፣ መጥረግ፣ እንደገና ማየት፣ ከዚያ መሰካት። አንድ ቀን ሰልችቶኝ "አሁን እኮ ጠረግኩት" አልኩት። "ጠረግሽው ወይስ አየሽው?" አለኝ። እኔ ቶሎ ተናዳጅ ነኝ፤ እየተነጫነጭኩ አየሁት። አቧራ ነበረበት። ዴል መጥረጊያውን አቀብሎኝ ሄደ፤ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

የባሕሩ ዳር ከተማ ሰው ግን የሚያድረው በኬብል አይደለም፤ በዓሣ ነው። ጀልባዎቹ ከባድ መረብ ባሕሩ ወለል ላይ እየጎተቱ ያጠምዳሉ። ኬብላችን እንዳይነካ ከአሸዋው ሥር ተቀብሯል፤ አሸዋ ግን ይሄዳል ይመጣል። ስለዚህ ከአጥማጆቹ ጋር ስምምነት አለ፤ ካርታው ላይ በሁለት መስመር መካከል ያለውን ቦታ ሲያቋርጡ መረባቸውን ከወለሉ ያነሳሉ።

ካላነሱና መረቡ ኬብሉን ከያዘስ? ለዚህ በሙያችን የቆየ ወግ አለ። አትጎትት፤ መረብህን ቆርጠህ ጣለው፤ የኬብሉ ባለቤት ይተካልሃል። ሲነገር ያምራል። አስቡት እንግዲህ፤ ሰውዬው የእንጀራ ገመዱን በገዛ እጁ ቆርጦ ባሕር ውስጥ የሚጥለው፣ አይቶት የማያውቀው ሰው ቢሮ ተቀምጦ የገባለትን ቃል አምኖ ነው።

እንደማያምኑን ያወቅኩት በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ በተደረገው ስብሰባ ነው። ከሲያትል የመጡት የካምፓኒው ሰዎች ሥዕል አሳይተው ሲያበቁ ሮይ የሚባል፣ ከወንድሙ ጋር አንድ ጀልባ ያለው ሽማግሌ አጥማጅ ተነሳ። "የስልክ ቁጥራችሁን አውቀዋለሁ" አለ። "ጎረቤቴ ደውሎበታል። አንዷ ስሙን ጠየቀችው። ወደ ሌላ ሰው አስተላለፈችው። እሱም ስሙን ጠየቀው። መረቡ እስካሁን ባሕር ውስጥ ነው።" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ የካምፓኒው ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ።

ከዚያ ወዲህ የኬብሉን መስመር የሚያሳየውን ካርታ ለአጥማጆቹ የማደሉን ሥራ ዴል ለእኔ ሰጠኝ። "አንቺ ቢያንስ ሳቅሽ" አለኝ። እያንዳንዱ ካርታ ጀርባ ላይ የራሴን የሞባይል ቁጥር እየጻፍኩ ከጀልባ ጀልባ ዞርኩ። ሮይ ተቀበለኝና ሳያየው ብብቱ ውስጥ ከተተው።

ብርዱ ሳይወጣ የሮይ ወንድም ጀልባው ላይ እንዳለ ልቡ ቆሞ ሞተ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ይኬዳል፤ ተቀምጦም ይዋላል። ሺፍቴን ስጨርስ ዳቦና ፍራፍሬ ገዝቼ ሮይ ቤት ሄድኩ። የከተማው ሰው በር ላይ አቅፎ፣ የያዘውን ሳህን ሰጥቶ ይመለሳል። እኔ ገብቼ ተቀመጥኩ። የሮይ ሚስት ዶና አመሰገነችኝ። ትንሽ ቆይታ እንደገና አመሰገነችኝ። አሁን ሳስበው "በይ እንግዲህ ሂጂ" ማለቷ ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስታመሰግነኝ "ምን አደረግኩና" ብዬ ወንበሬን አመቻቸሁ።

ሮይ ከጓዳ ወጣ።

"ካምፓኒው ነው የላከሽ?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?"

"ምንም። አብሬያችሁ ልቀመጥ ነው የመጣሁት።"

እብድ መሆኔን የሚመረምር ይመስል ቆሞ አየኝ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ስለ አየር ሁኔታ ያወራል፤ ተቀምጠን አየን። እኔም በሆዴ "ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን" እያልኩ ታዘብኩ። እኩል ነበርን ማለት ነው።

በማግስቱም ሄድኩ። ዴል ጣቢያ ውስጥ ያዘኝና "ሰዎች እየጠየቁኝ ነው፤ ችግር አለ እንዴ? አንቺ እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ። "እቀመጣለሁ" አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ተወኝ። በሦስተኛው ቀን ዶና ቢላዋና ድንች አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠች። ድንቹን ስልጥ ሮይ ስለ ወንድሙ ማውራት ጀመረ። አብረው ያደጉ፣ አብረው የሠሩ፣ መረቡን እንኳ ያለፈው ዓመት ተጋግዘው የገዙት ነው። ብዙ አወራ። ስወጣ በር ድረስ ሸኘኝ።

ከዚያ በኋላ ባገኘኝ ቁጥር ኮፍያውን ነካ ያደርግልኛል። ሌላ ነገር አልተጨመረም፤ ሮይ ወሬ አያበዛም።

መረቡ ኬብሉን የያዘ ዕለት እኔ በዕረፍት ሳምንቴ ሲያትል ነበርኩ። ከልጄ ከሶስና ጋር ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ በርሄ ሱቅ ውስጥ ምስር እየመረጥን ነው። ጋሽ በርሄ አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው ሰው ናቸው። ስልኬ ጮኸ።

"ለምለም፣ ተይዣለሁ" አለ ሮይ።

"ዊንቹን አጥፋው።" ዊንች መረቡን የሚስበው ማሽን ነው።

"አጥፍቼዋለሁ። ግን ማዕበሉ እየተነሳ ነው፤ በኋላ በኩል ውሃ እያስገባን ነው።"

ያለበትን ቦታ በቁጥር አነበበልኝ። እኔ ጮክ ብዬ ስደግመው ሶስና በራሷ ስልክ ለዴል ጻፈችለት። ዴል ጣቢያ ነበር፤ ወዲያው መለሰ። "ማም፣ ሂ ሴይስ ኢትስ አወር ኬብል። ባት ዘ ላይት ኢዝ ስቲል ጉድ" አለችኝ። ቦታው የእኛው ኬብል ነው፤ ብርሃኑ ግን እስካሁን ያልፋል። ገና አልተበጠሰም ማለት ነው። ሮይ ዊንቹን ቢያስነሳው ወይ ኬብሉ ይበጠሳል፣ ወይ ጀልባዋ ትገለበጣለች። ኬብሉ እንደምንም ወደ ላይ ቢወጣ ደግሞ ያን ሁሉ ቮልት ይዞ ነው የሚወጣው።

"ቁረጠው ሮይ።"

ከኋላው አብሮት የሚሠራው ሰው ሲጮህ ይሰማኛል።

"አንቺን ነው የምጠይቅሽ" አለኝ። "ብቆርጠው መረብ አገኛለሁ? ያለ መረብ ወቅቱ አለፈኝ ማለት ነው። ጀልባዋን እሸጣለሁ። ሌላ መንገድ የለኝም።"

"እንተካለን" የማለት ሥልጣን የእኔ አልነበረም። በደንቡ ሮይ ወደ ካምፓኒው ቁጥር መደወል፣ እነሱ መመዝገብ፣ የሲያትሉ የሥራ ክፍል ኃላፊ ብራያን መፍቀድ ነበረባቸው። ሶስና ደወለችለት፤ ስብሰባ ላይ ነው ተባለች። አንድ ሰው ባሕር ላይ ውሃ እየገባበት፣ ሌላው ስብሰባ ላይ።

"ታገኛለህ" አልኩት። "እኔ ነኝ የምልህ።"

ከአፍታ በኋላ የብረት መቁረጫው የግራይንደሩ ድምፅ መጣ። መረቡን የሚጎትቱትን ሁለት የብረት ገመዶች እየቆረጠ ነው። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁለተኛው። "ቀና አለች" አለኝ፤ ጀልባዋን ነው። ድምፁ ተቆራረጠና ስልኩ ተዘጋ። የጤፍ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ በርሄ ከጠረጴዛቸው ጀርባ ወጡ። "ምንድነው ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?"

"የለም ጋሼ፣ መረብ ነው የጠፋው።"

"መረብ?" አሉ። "ኦኬ፣ መረብ ከሆነ ይተካል።"

"አሜን፣ ካፍዎ ያድርገው" አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

ታኮማ የምትኖረው እህቴ አዜብ ያን ቀን ማታ ስትሰማ ጮኸችብኝ። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር አለ ያገሬ ሰው! ለምን ራሱ ኮል አድርጎ አይነግራቸውም? ሶ አሁን ከሥራ ሊያስወጡሽ ነው? ለመረብ?"

በማግስቱ ብራያን ቢሮ ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ደንብ ያውቃል። ካርታውን ዘርግቶ የሮይን ቦታ አሳየኝ። በሁለቱ መስመር መካከል ነው፤ መረቡን ማንሳት የነበረበት ቦታ ላይ ወለሉን እየጎተተ ነበር። "ስምምነቱን የጣሰ ሰው ምትክ አያገኝም" አለኝ። "አንቺም ያልተሰጠሽን ሥልጣን ነው የተጠቀምሽው። ደውለሽ ንገሪው።"

"ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "መረቡን ግን የምትከለክለው አንተ ነህና አንተ ንገረው። በስልክ ሳይሆን ቤቱ ሄደህ።"

"እኔ?"

"አንተ። መንገዱን አሳይሃለሁ።"

እንዴት እሺ እንዳለኝ ዛሬም አላውቅም። በእሱ መኪና ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ ሬዲዮ ነው ያወራልን። ሮይ እምቢታውን ሲሰማ ፊቱን እንዴት እንደማየው እያሰብኩ ጥፍሬን ስቆረጥም ነበር። ቃሌ ከፈረሰ ያ ከተማ ለእኔ አበቃለት። ከሥራ ቢያሰናብቱኝ ሌላ ይገኛል። ሮይ ግን ጀልባውን ይሸጣል፤ ያሸጥኩት እኔ እሆናለሁ።

ዶና ወጥ ቤት ውስጥ አስቀመጠችን። ብራያን ካርታውን አውጥቶ ሊዘረጋ ሲል ሮይ በእጁ ከለከለው።

"ውስጥ ነበርኩ" አለ። "መስመሩን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ዓሣው ጥሩ ነበር። ትንሽ ልጨምር ብዬ ሳላነሳ ዘገየሁ።"

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉት ይኸው ነው። ንፋስ ገፋኝ ሊል ይችል ነበር፤ ማዕበል ወሰደኝ ሊል ይችል ነበር። ማንም አላየውም። እኔም ብሆን ያንን ይላል ብዬ ስጠብቅ ነበር።

ብራያንም አልጠበቀውም መሰለኝ፣ ካርታውን መልሶ አጠፈው። "ጥፋቱ ያንተ መሆኑን እያወቅህ ታዲያ መረቡን ለምን ቆረጥከው?"

"ታገኛለህ አለችኝ።"

"ስልኩን ባታነሳልህስ?"

"ዊንቹን አስነሳው ነበር" አለ ሮይ። ሊያስፈራራ አልነበረም፤ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው ነው የመለሰው። "አባቴም ቢሆን ያንን ነው የሚያደርገው። እዚህ ወደብ ላይ ያለው ሁሉ ያንን ነው የሚያደርገው።"

ብራያን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ከዚያ መስኮት ወደቡ ይታያል፤ ጀልባዎቹ ተደርድረው ቆመዋል፣ በሁሉም ላይ ዊንች አለ። ቆጥሯቸው እንደሆነ አላውቅም። ዶና ሾርባ አቀረበች፤ በላ። ሳህኑን ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ።

"የመረቡን ዓይነትና ልክ ጻፊልኝ" አለኝ።

ሮይ ያለኝን ጻፍኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ "ሁለተኛ ያልተፈቀደልሽን ቃል እንዳትሰጪ" አለኝ። "ስልኩን የሚያነሳልኝ ሰው ካለ አልሰጥም" አልኩት። ሳቀ። ማስጠንቀቂያውን ግን በጽሑፍ ሰጠኝ፤ አልተቀየምኩም፣ ደንብ ነው።

መረቡ የመጣ ቀን ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ አብሬ ሄድኩ። የዕረፍት ሳምንቴ ነበር፤ ማንም አልላከኝም። አጥማጆቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡን። ሮይ መረቡን እየገለጠ የመረቡን ቀዳዳ በጣቱ ለካ፣ ቋጠሮውን ሳበ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረ። እኔ እንደ ፈተና ተማሪ ቆሜያለሁ።

"ይሄ ሰማያዊ ነው" አለ። "የእኔ አረንጓዴ ነበር።"

በዚያ ከተማ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። እንባዬ መጣ፤ ነፋሱ ነው ብዬ አሳበብኩ።

ብራያን ከዚያ በኋላ ከበላዮቹ ጋር ብዙ ተሟግቶ ደንቡን አስለወጠ። መረቡን ቆርጦ የደወለ ሰው መጀመሪያ ይተካለታል፤ ጥያቄው ከዚያ ይከተላል። ስልኩንም የሚያነሳው ሩቅ ያለ ቢሮ መሆኑ ቀርቶ ጣቢያው ላይ ያለ ቴክኒሻን ሆነ። ይህን ያደረገው እሱ ነው፤ የሰውን ሥራ የራሴ አላደርግም። ዴል ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ፤ ኃላፊ ሆንኩ። ካርታ ማደሉን ግን ለማንም አልሰጠሁም። በየዓመቱ ከጀልባ ጀልባ እዞራለሁ፤ ያገባ ካለ ሠርጉ፣ የሞተበት ካለ ቤቱ እሄዳለሁ። አሁን ስቀመጥ ማንም ሦስት ጊዜ አያመሰግነኝም።

ሥራ ልለቅ በተቃረብኩበት ወቅት አንድ ከሰዓት በኋላ የጣቢያው ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ወጣት ድምፅ ነው።

"ስሜን አታውቂውም" አለኝ። "ከደቡብ በኩል ካለው ወደብ ነኝ። መረቤ ኬብላችሁን ይዞብኝ ነበር፤ ቆርጬዋለሁ። ቦታውን ጻፊ።"

"እናንተ ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን።"

ቦታውን አነበበልኝ፤ ጻፍኩ። ብርሃኑን አየሁ፤ ያልፋል። መረቡ እንደሚተካለት ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"አውቃለሁ፤ ነግረውኛል" አለና ዘጋው።

ቃል እንኳ አልጠየቀኝም። ከዚያን ቀን የበለጠ በሥራዬ የኮራሁበት ቀን የለም።

ኬብልን ከጉዳት የሚጠብቀው የብረት ልባሱና የተቀበረበት ጥልቀት ነው ብለው ያስተምሯችኋል። እውነት ነው፤ ይረዳል። የቀረውን የሚጠብቀው ዊንቹ ላይ የቆመው ሰው ነው። እሱ የሚደውለው ለሚያውቀው ሰው ነው፤ ስለዚህ ሳይቸግራችሁ ሄዳችሁ ተዋወቁት፣ ሲደውል አንሱለት፣ ያላችሁትን አድርሱለት።